ድድዎ ሲደማ መፋቂያውን አያስቀምጡ

ጥርሳቸውን ሲፍቁ ደም ያዩ ብዙ ሰዎች የሚወስዱት እርምጃ ተመሳሳይ ነው። “ድዴን አቆሰለው” ብለው ብሩሹን ወይም መፋቂያውን ለጥቂት ቀናት ያስቀምጡታል፤ አለዚያም የሚደማውን ቦታ እየዘለሉ ሌላውን ብቻ ያጸዳሉ። እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ በመነካቱ ብቻ አይደማም። የሚደማው ቀድሞውኑ የታመመ በመሆኑ ሲሆን፣ የታመመውም በአብዛኛው እዚያ ቦታ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ሳይነሳ በመቆየቱ ነው። ስለዚህ የሚደማውን ቦታ መዝለል በሽታውን ተደላድሎ እንዲኖር መፍቀድ ነው።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ወር አምዳችን ስለ አፍ ጤና ስንጽፍ ከተቦረቦረ ጥርስ ይልቅ ከድድ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተቦረቦረ ጥርስ ያማል፤ ባለቤቱን እንቅልፍ ነስቶ ወደ ሐኪም ይወስደዋል። ድድ ግን ለዓመታት ምንም ሕመም ሳያሰማ ሊታመም ይችላል። ሰውየው የሚነቃው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙው ነገር አልፏል።

ያልተቦረቦረ ጥርስ ለምን ይወልቃል?

ጠዋት ከእንቅልፋችን ስንነሳ ጥርሳችንን በምላሳችን ብንዳስስ ልስልስ ያለ ሽፋን እናገኛለን። ይህ የምግብ ትራፊ ብቻ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሠሩት ሽፋን ነው። በየቀኑ ከተነሳ ብዙም ጉዳት አያደርስም። ካልተነሳ ግን በቀናት ውስጥ በምራቅ ውስጥ ከሚገኙ ማዕድናት ጋር ተዋህዶ መጠንከር ይጀምርና ሐኪሞች ታርታር የሚሉት ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ድንጋይ መሰል ነገር ይሆናል። እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ በብሩሽም፣ በመፋቂያም፣ በጨውም አይለቅም። (ከሰልና አመድ ጥርስ ያነጣሉ ይባላል። የሚያነጡት ግን የጥርሱን የላይኛውን ሽፋን እየሞረዱ ነው፤ የተሞረደው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።)

ሽፋኑ በድድና በጥርስ መጋጠሚያ ላይ ሲቆይ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል። ቦታው በለስላሳ ብሩሽ፣ በየቀኑ፣ ሳይዘለል ከጸዳ ደሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይቆማል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ከቀጠለ ከስር ታርታር አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል በጥርስ ሐኪም መታየት ያስፈልጋል። ቸል ከተባለ ግን በሽታው ከድድ ስር ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ይጀምራል። የጠፋ አጥንት በማጽዳት አይመለስም። ጥርሱ ራሱ ነጭና ጤነኛ እንደሆነ መሠረቱን አጥቶ ይላላል፤ በኋላም ይወልቃል። እኛ “እርጅና ነው” የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ በሕብረተሰባችን ዘንድ በሰፊው የሚወራ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። “ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል” ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ከእጥበት በኋላ ጥርሳቸው ላላ ብሎ፣ በመካከሉም ክፍተት ተፈጥሮ ያገኙታል። የላላው ግን በእጥበቱ አይደለም። አጥንቱ ከዚያ በፊት አልቆ ጥርሶቹን አያይዞ ያቆያቸው ታርታሩ ብቻ ነበር። ድድ ካበጠበት ሲመለስም ተሸፍኖ የነበረው ክፍተት ይገለጣል። ያ ድንጋይ ባይነሳ ኖሮ የቀረውም አጥንት መሄዱ አይቀርም ነበር።

የድድ በሽታ ከሌሎች ይበልጥ የሚበረታባቸው ሰዎች አሉ። የስኳር ሕመምተኛ በቀላሉ ይያዛል፤ የታመመው ድድ ደግሞ በተራው የስኳሩን መጠን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ቢታመምም ብዙም ስለማይደማ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይዘናጋል። በአንዳንድ አካባቢዎች ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችም መቅላቱን በመስታወት ማየት ስለሚያስቸግራቸው እብጠቱንና ደሙን ቢከታተሉ ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድዷ ቶሎ ያብጣል። “በልጅ አንድ ጥርስ ይሄዳል” የሚባለው ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ጽንሱ ግን ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። ጥርሱን የሚወስደው በእርግዝናው ወራት የታመመውና ያልታከመው ድድ ወይም ያልታከመው ጉድጓድ ነው።

ሲዋክ ምን ይሠራል፣ ምንስ ይቀረዋል?

ለውዱእና ለሰላት አፍን በሲዋክ ማጽዳት ሱና መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለንም። የአራክ ዛፍ በአፋርና በሶማሌ ክልል ቆላማ ቦታዎች ይበቅላል፤ በደጋው ደግሞ ወይራና ክትክታ የመሳሰሉት ለመፋቂያነት ያገለግላሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች መፋቂያ ጥቅም ላይ እንዲውል እ.ኤ.አ. በ1986 አበረታቷል። በአግባቡ የሚፍቅ ሰው ከጥርሱ ላይ ያንን ሽፋን በማንሳት ረገድ ብሩሽ ከሚጠቀም ሰው ብዙም አይርቅም።

“በአግባቡ” የምትለዋ ቃል ግን ብዙ ትሸከማለች። በየመንገዱ የምናየው አፋፋቅ ከፊት ያሉትን ስድስትና ስምንት ጥርሶች፣ ያውም የውጭ ገጻቸውን ብቻ፣ ወደ ጎን እንደ መጋዝ መሳብ ነው። በዚህ ዓይነት ሲፋቅ የኋላ መንጋጋዎችና የውስጥ ገጻቸው ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ከፊት ያለው ድድ ደግሞ እየተገፋ ይሸሻል፣ የጥርሱም አንገት ይሸረሸራል። የሚሻለው የመፋቂያውን ጫፍ ግማሽ ጣት ያህል ልጦ እስኪለሰልስና እስኪበታተን ማኘክ፣ ከዚያም ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ እየጠረጉ አንድ በአንድ መሄድ ነው። የላይ ጥርስ ወደ ታች፣ የታች ጥርስ ወደ ላይ ይጠረጋል። ወደ ውስጠኛው ገጽ ለመድረስ ጫፉን ሰያፍ አድርጎ መያዝ ይረዳል። የተበታተነው ጫፍ በየቀኑ ተቆርጦ አዲስ መውጣት ይኖርበታል፤ ሳምንት ሙሉ ከሳንቲምና ከመሃረብ ጋር በኪስ የሰነበተ መፋቂያ አፍ ያጸዳል ማለት ያስቸግራል።

የሚቀረው ነገር ፍሎራይድ ነው። የጥርስን መቦርቦር በመከላከል ረገድ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና የሚተካ ነገር እስካሁን ብዙም አልተገኘም። በመሆኑም የእኛ ምክር ሲዋኩን በቀን በየሰላቱ፣ ብሩሽና ሳሙናውን ደግሞ ማታ ከመኝታ በፊትና ጠዋት መጠቀም ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚችል ሰው የማታውን አይተው። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ አፍ ራሱን የማጠብ አቅሙ ይዳከማል። ሳሙናውን ከተፉ በኋላ አፍን በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ ይመረጣል፤ በጥርስ ላይ የሚቀረው ጥቂት ሳሙና ሥራውን ይቀጥላል። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፤ ሦስት ወር ሲሞላው ወይም ፀጉሩ ሲንጋደድ ይለወጥ።

በጥርስ መካከል የሚገባውን ሥጋ ለማውጣት ስቴኪኒ በእርጋታ መጠቀም ይቻላል፤ የጥርስ ክር የተሻለ ነው። በመርፌና በቢላ ጫፍ መጎርጎርን ግን ምን እንደምንለው አናውቅም።

ረመዷን ላይ ጥርስ የሚጎዳው በሌሊት ነው

ብዙዎች በጾም ወቅት አፋቸው ስለሚደርቅና ጠረኑ ስለሚለወጥ ጥርሳቸው በቀኑ የሚጎዳ ይመስላቸዋል። በቀን ግን ለባክቴሪያዎቹ የሚቀርብላቸው ስኳር የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከመግሪብ እስከ ፈጅር ባለው ጊዜ ነው። ስኳር አፍ ውስጥ በገባ ቁጥር ባክቴሪያዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ምራቅ ያንን አሲድ አርክሶ ጥርሱን ወደ ነበረበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ለጥርስ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ስንት ጊዜ እንደተወሰደ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ተምርና ጁስ በኢፍጣር፣ ሙሸበክ ከሻይ ጋር፣ ከተራዊሕ በኋላ እንደገና ሻይ፣ በመጨረሻም በሱሑር ጣፋጭ ነገር ቀምሶ ወዲያው መተኛት ሲደራረብ ጥርስ ሌሊቱን ሙሉ ለማገገም ፋታ አያገኝም።

ተምሩን ይብሉ፤ ሙሸበኩም ካማረዎት ከኢፍጣሩ ጋር በአንድ መቀመጫ ይጨርሱት። ከዚያ በኋላ እስከ ሱሑር ውሃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ ይሁን። ከሱሑር በኋላ አዛን ከማለቱ በፊት በብሩሽና በሳሙና ለመታጠብ አምስት ደቂቃ ያስቀሩ። በቀኑ ውስጥ ሳሙና ወደ ጉሮሮ ሊያልፍ ስለሚችል ሰዎች መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው። ሲዋክን በተመለከተ በሻፊዒ መዝሀብ በታወቀው አቋም ጾመኛ ከቀትር በኋላ መጠቀሙ የሚጠላ ሲሆን ሌሎች ዑለሞች ይፈቅዱታል፤ ይህንን እነርሱን መጠየቅ ይሻላል። ከሕክምና አንጻር ግን ሱሑርና ማታ በሚገባ ያጸዳ ሰው በከሰዓቱ ጥርሱ ይጎዳል የሚል ስጋት አይኖርበትም።

ከረመዷን ውጪም ሂሳቡ ያው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም፣ ማለትም ከ12 ማንኪያ በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች ሊሆን ይገባል። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው በሻይ ብቻ 36 ግራም ወስዷል።

ጫት የሚቅሙ አንባቢዎቻችንን ስለ ጫቱ ራሱ ልንመክራቸው ብንወድም የዛሬው ርዕሳችን ጥርስ ነውና እዚያው ላይ እንቆያለን። ቅጠሉ ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ሲያዝ በዚያ በኩል ያለው ድድ ይሸሻል፤ አፍም ይደርቃል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ለምሬቱ ማብረጃ እየተባለ ለአራትና ለአምስት ሰዓታት በትንሽ በትንሹ የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው።

የልጆች ጥርስ

ጨቅላ ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው “ግግ ነው” ብሎ ድዱን ሰንጥቆ ያልበቀለውን ጥርስ ማውጣት ዛሬም በአንዳንድ አካባቢ አልቀረም። የሚወጣው ነጭ ነገር በሽታ ሳይሆን ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። ሕፃኑ ሊደማና ሊመረዝ ይችላል፤ ከስሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ተቅማጡ ደግሞ ሳይታከም ይቀራል። እናቶችና አያቶች ይህንን በግልጽ ቢነጋገሩበት መልካም ነው።

ጡጦ በስኳር ውሃ ወይም በጣፈጠ ወተት ሞልቶ ሕፃኑን አፉ ላይ ትቶ ማስተኛት የፊት ጥርሶቹን በአጭር ጊዜ ያበሰብሳል። የመጀመሪያው ጥርስ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይገባል። ሦስት ዓመት እስኪሞላው ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። የወተት ጥርስ ስለሚመስላቸው “ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል” ይላሉ። አይተካም። ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው እርሱ ሲሆን፣ ከማንም ቀድሞ የሚቦረቦረውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ለምሳሌ በወንጂና በመተሐራ፣ ያደጉ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ የምናየው በንጽሕና ጉድለት አይደለም። የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ሲሆን ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ይለወጣል። በመፋቅ አይለቅም፤ ውሃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አይቀንሰውም።

ሕመሙ ሲመጣ

የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ትል የለም፤ በጢስ የሚወጣም ነገር የለም። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥላል እንጂ ጥርሱን አያድነውም። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ መጠቀም ይቻላል። ቶሎ ከተደረሰ ጥርሱ ተሞልቶ ሊተርፍ ስለሚችል “ንቀሉልኝ” ብሎ ከመጀመር በፊት ማዳን ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ውጦ ሕመሙ ስለቀነሰ ድኛለሁ ማለት ደግሞ አደገኛ ነው። መግሉ ያለበት ጥርስ እስካልታከመ ወይም እስካልተነቀለ ድረስ ተመልሶ ይመጣል። ፊት ወይም የአገጭ ስር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ መተንፈሻን ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።