«ሃሎ» ከመባሉ በፊት

በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ስልክ የደወለ ሁሉ «ሃሎ» ከማለቱ በፊት ምክር ይሰማ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪውን ድምፅ በኮሮና መከላከያ መልእክት ተክቶት፣ ለቅሶ ሊደርስም ሆነ ብድር ሊጠይቅ የደወለ ሰው በቅድሚያ እጁን እንዲታጠብ ይነገረው ነበር። የወረርሽኙ ዘመን ዲጂታል ሚዲያ ሲነሳ ሁሉም ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ይሮጣል። እኔ ግን በአገራችን ከሁሉም በላይ ብዙ ጆሮ ያገኘው ያ የጥሪ ድምፅ ይመስለኛል። ዳታ አይበላ፣ ማንበብ አይጠይቅ፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ገበሬም ይሰማው ነበር።

ቴሌግራም ግን ይፈጥናል። መጋቢት 4 ቀን ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ በቫይረሱ መያዙ ሲነገር፣ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ወዲያው ናረ። ስሙን የማይናገር «ሐኪም» ድምፅ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ከዋሽንግተን የላከችው እህት፣ ከአረብ አገር በኢሞ የደወለው ወንድም ያጸናዋል። ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከኮሮና ለመከላከሉ ማስረጃ እንደሌለ ቢያስታውቅም፣ የዘመድ ድምፅና የመሥሪያ ቤት መግለጫ እኩል አይሰሙም። የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ገና በየካቲት ሙኒክ ላይ የምንዋጋው ወረርሽኙን ብቻ ሳይሆን የመረጃ ወረርሽኝንም ነው ማለታቸው ይታወሳል። ድርጅታቸውም ቢሆን ከዚህ ውዥንብር አልዳነም፤ ጤነኛ ሰው ጭምብል አያስፈልገውም ሲል ከርሞ፣ ግንቦት 28 ምክሩን ለወጠ። ማስረጃ ሲለወጥ ምክር መለወጡ የሳይንስ ወግ ነው። ስልኩ ላይ ሁለቱንም ያነበበ ሰው ግን «ታዲያ የቱን ልመን?» ቢል አይፈረድበትም።

በየዕለቱ የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በማኅበራዊ ገጾቻቸው ቁጥር ያወጡ ነበር፦ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ። መጀመሪያ ሰው ትንፋሹን ይዞ ያነበው ነበር። ወራት ሲያልፉ የኳስ ውጤት ሆነ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መረጃ ነፍስ ያድናል እየተባለ በሚሰበክበት መጋቢት፣ በምዕራብ ኦሮሚያ የወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ከተቋረጡ ወራት ተቆጥረው ነበር። የተለቀቀላቸው መጋቢት 22 ላይ ነው። ሰኔ 22 ሌሊት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ያኔ የበሽተኛው ቁጥር ሽቅብ እየወጣ ነበር። ጸጥታ ለማስከበር ነው ይባላል። ይሁን፤ ግን ያው ሽቦ የጤና መልእክትም መንገድ እንደነበር በዚያ ሰሞን ያነሳ ባለሥልጣን ካለ አልሰማሁም።

መልእክቱ የደረሰውስ ምን አደረገ? ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ተሳፋሪው ርቀቱን በገንዘቡ ገዛ። በየሰልፉ ወጣቶች ጀሪካንና ሳሙና ይዘው እጅ ያስታጥባሉ፤ ሃይላንድ ክዳኗን በስተው ቧንቧ ያደረጓትም ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ያስተማሩ ይመስለኛል፤ ምክሩንም ውሃውንም አንድ ላይ ያቀርቡ ነበርና። የፋሲካ ቅዳሴ በቴሌቪዥን ሲተላለፍም፣ ቤት ዋሉ የተባለው ምእመን ቤት ሆኖ የሚያደርገው ነገር አገኘ።

አክስቴ በምትኖርበት ሰፈር ያኔ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ ነበር። ስትደውልልኝ መልእክቱ እስኪያልቅ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ትጠብቅ ነበር፤ ርዝመቱን ለምዳዋለች። ከዚያ ታስጠጋና ሰላምታም ሳታስቀድም ትጠይቀኝ ነበር፦

«ልጄ፣ እናንተ ሰፈር ውሃ መጣች?»