ቁስል ሲቆጣ በደማችን ውስጥ የሚሠራው ተቀባይ



እሾህ እግሩን ያልወጋው ሰው በመካከላችን ይገኛል ብዬ አላምንም። በድሬዳዋ ከተማ፥ በሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ ልጅ ባዶ እግሩን ኳስ ሲጫወት እሾህ ወጋው እንበል። ሌሊቱን የተወጋው ሥፍራ ይቀላል፤ ይሞቃል፤ ያብጣል፤ ይጠዘጥዛል። እናቱም በማግሥቱ አይታ «ቁስሉ ተቆጣ» ትላለች። የተናገረችው ቃል ትክክለኛ ነው፤ ሰውነት በእውነት ተቆጥቷል። ነገር ግን ቁጣውን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? የሚያበርደውስ? በዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ በመጠኑ እንመረምራለን።

እሾህ ቆዳን ሲበሳ ተሕዋስያንን ይዞ ይገባል። በዚያ ሥፍራ ያሉት ሕዋሳት ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ባወቁ ጊዜ ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ይህም ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጎረቤቶቹን ለመጥራት ኡኡ ብሎ እንደሚጮኸው ያለ ነው። ጩኸቱን ሰምተው በመጀመሪያ የሚደርሱት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ለመስማት ግን ጆሮ ያስፈልጋል። የሕዋስ ጆሮ በገላው ላይ የተተከለው ተቀባይ የሚባለው ፕሮቲን ሲሆን፥ የእርሱም አሠራር በጂን፥ ይኸውም ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፈው የዘር መልእክት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ ዳፊ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1950 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር ደም ይሰጠው ከነበረ በሽተኛ ስም ነው። በዚያን ጊዜ ዳፊ የደም ዓይነት መለያ ምልክት ከመሆኑ በቀር ሌላ ሥራው አይታወቅም ነበር። ኬሞካይንን የሚይዝ ተቀባይ መሆኑ የተገለጠው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጂኑም በሰው ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የቤት አይጥም ሆነች አይጠ መጎጥ ይዘውት ይወለዳሉ።

ዳፊ ከሌሎቹ ተቀባዮች የሚለይበት ነገር አለው። ሌሎቹ ኬሞካይንን ሲቀበሉ ወዲያው ለሕዋሱ «ተነሥ፥ ሂድ!» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። ዳፊ ግን መልእክቱን ይይዘዋል እንጂ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ አያስተላልፍም። የሚገኘውም በተለይ በሁለት ሥፍራ ነው። በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ሲሆን፥ በደም ውስጥ የተትረፈረፈውን ኬሞካይን ሰብስቦ ይይዛል፤ በዚህም ጩኸቱ ያለ ልክ እንዳይሰማ ያደርጋል። በትናንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲሆን ደግሞ፥ ኬሞካይንን ከውጭ ወደ ውስጥ አሻግሮ በመንገድ ለሚያልፉት ኒውትሮፊሎች ያቀርባል። እንግዲህ አንዱ ተቀባይ በአንድ በኩል ቁጣን ያበርዳል፤ በሌላው በኩል ቁጣን ያግዛል።

ይህን ለማረጋገጥ ሊቃውንት የዳፊ ጂን የሌላቸውን አይጦች አዘጋጁ። አይጦቹ ጤነኞች ሆነው አደጉ። ቁጣ በተነሣ ጊዜ ግን ልዩነቱ ታየ። በ2000 ዓ.ም. ከወጡት ሁለት ጥናቶች አንዱ፥ ዳፊ የሌላቸው አይጦች የባክቴሪያ መርዝ ሲሰጣቸው ነጭ ሕዋሳት በሳንባና በጉበት ከልክ በላይ እንደ ተከማቹ አመለከተ። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ተቆጣው ሥፍራ የደረሱት ኒውትሮፊሎች ያነሱ ሆነው እንደ ተገኙ ገለጠ። ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም፥ ከላይ የተናገርነውን የዳፊን ሁለት ሥራ ያስታወሰ ሰው ብዙ አይደነቅም።

ይህ ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ወባ ነው። ቪቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው ዳፊን እንደ በር ይዞ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው በቀይ ሕዋሱ ላይ ዳፊ የለውም፤ ስለዚህ በዚያ አገር ቪቫክስ እጅግ ጥቂት ነው። በአገራችን ግን ዳፊ ያለውና የሌለው ሰው ተደባልቆ ስለሚኖር ቪቫክስ በሰፊው ይገኛል። ደግሞም በሩ የሌለው ሰው በቪቫክስ ከቶ አይያዝም ሲባል የነበረው እምነት ፍጹም አለመሆኑ ታውቋል። በ2010 ዓ.ም. በማዳጋስካር፥ ከዚያም በኢትዮጵያ፥ ዳፊ ሳይኖራቸው በቪቫክስ የተያዙ ሰዎች ተገኝተዋል።

ፋልሲፓሩም የተባለው ብርቱው የወባ ዓይነት ደግሞ የዳፊን በር አይፈልግም። ለዚህም ድሬዳዋ ራሷ ምስክር ናት። በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ወባ ብዙ በማይጠበቅበት የበጋ ወራት፥ ፋልሲፓሩም በከተማዋ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሣ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሊቃውንትና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ምርመራ ወረርሽኙ ስቴፈንሲ ከተባለችው የእስያ ቢምቢ ጋራ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህች ቢምቢ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው በ2016 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ሲሆን፥ ልማዷም ሰው ለቤቱ ባጠራቀመው ውሃ፥ በበርሜልና በገንዳ ውስጥ መራባት ነው። እንግዲህ «ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው» ብሎ በከተማ ተዘልሎ መቀመጥ አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት የደም ምርመራ ነው። በቀይ ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የሌላቸው ብዙ ጤነኛ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚቈጠረው ኒውትሮፊል አነስተኛ ነው። ሐኪሞች በ1980ዎቹ በቤተ እስራኤላውያን ዘንድ የነጭ ሕዋስ ማነስን አስተውለው ነበር፤ የኒውትሮፊል ማነስ ከዳፊ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ግን የተረጋገጠው በ2009 ዓ.ም. በጥቁር አሜሪካውያን ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ምስጢሩን ለመግለጥ የረዳችው ደግሞ አሁንም አይጥ ናት። በ2017 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፥ በመቅኒ ውስጥ ቀይ ሕዋስ ለመሆን የሚያድጉት ሕዋሳት ዳፊ ከሌላቸው፥ በዚያ የሚፈጠሩት ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው ይለወጣል፤ ደሙንም ፈጥነው ትተው ወደ ሥጋ ይገባሉ። በደም ውስጥ ቍጥራቸው ማነሱ ስለዚህ ነው እንጂ ሰውነት ጭፍራ አጥቶ አይደለም።

ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ። ብዙ ጊዜ መለኪያ የሚሆነው 1,500 ኒውትሮፊል በአንድ ማይክሮሊትር ደም ነው። ከዚህ በታች የተገኘ ጤነኛ ሰው በሽተኛ ተብሎ ሊጨነቅ፥ ሳያስፈልገውም መቅኒው ሊመረመር ይችላል። የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛም በዚህ ምክንያት መድኃኒቱ ሊቀነስበት ወይም ሊዘገይበት ይችላል፤ ይህም ሕይወትን የሚነካ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የኒውትሮፊል ማነስ ሁሉ ከዳፊ የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ከዚህ በፊትም ቍጥራችሁ አነስተኛ እንደ ነበረ ካወቃችሁ የቀድሞውን የምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ።

በሳቢያንም ሆነ በሌላው ሰፈር የምትኖሩ ወገኖች ሁሉ፤ የውሃ ዕቃችሁን ክደኑ፤ ትኵሳት ሲሰማችሁ ሳትዘገዩ ደማችሁን አስመርምሩ፤ የቪቫክስ ተሕዋስ በጉበት ተደብቆ የሚመለስ ስለ ሆነ የታዘዘላችሁን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ዋጡ። ከአባት የተወረሰ ደም አንዱን ጠላት ቢያግድ ሌላውን አያግድምና።