ወደ ጀማ ከመውረዳችሁ በፊት

በቤታችሁ ዓሣ የማጥመድ ሐሳብ ካለ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ። የምትገዙት ዕቃ ዛሬ ብቻ የሚያበላ ነው ወይስ ለልጆቻችሁም ዓሣ የሚያስቀር?

መንዝና ግሼ የገብስና የበግ አገር ናቸው፤ ዓሣ በቤታችን የተለመደ ምግብ አይደለም። ይሁን እንጂ ከደጋው ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወንጪትንና ጀማን ይሞላል፤ ሁለቱም ተገናኝተው ወደ ዓባይ ይገባሉ። በመርሐቤቴ ቆላ በኩል በእነዚህ ወንዞች ነጭ ዓሣና አምባዛ ይገኛል። እነርሱን ለመያዝ ማስተዋል እንጂ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

መንጠቆና ክር

በማቴዎስ 17፥27 ጴጥሮስ ወደ ባሕር የተላከው መረብ ሳይሆን መንጠቆ ይዞ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ማዕድ መንጠቆ ይበቃል። ስትገዙ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ ሳቡት፤ ካንሸራተተ ደነዝ ነው፣ ከያዘ ስለታም ነው። በቀላሉ የሚጣመመውን ተዉት፤ አምባዛ ጉልበተኛ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው እያነሰ እንደሚሄድም አትርሱ። በጣም ትንሽ መንጠቆ ጫጩቱን ሁሉ ይይዛል። ከጫፉ አጠገብ ያለችውን እሾህ በፒንሳ ብትጨፈልቋት፣ ትንሹን ዓሣ ሳትጎዱ ለመመለስ ይቀላል።

ክሩ የናይለን ይሁን። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የቆየ ናይለን ይደርቃል፤ ስለዚህ ቋጥራችሁ ሳቡት፣ ቋጠሮው ላይ ከተበጠሰ አትግዙት። ዘንጉን ከቀርከሃ መሥራት ይቻላል። ለጅረቱ የሚበቃ የእርሳስ ክብደትና የቡሽ ተንሳፋፊ ከጨመራችሁ፣ ለጀማሪ ዕቃው ተሟላ።

መረብ ካሰባችሁ

መረብ ለገበያ ለሚያጠምድ ነው። ዋናው ነገር የዓይኑ ስፋት ነው። ጠባብ ዓይን ገና ያልወለደውን ዓሣ ይጨርሳል። በጣና ሐይቅ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኋላ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ ሲስፋፋ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በእጅጉ ቀንሷል። በክረምት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ መብላት ነው። ስለ መረቡ ዓይነትና ስፋት፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 መሠረት አድርጋችሁ የወረዳውን ግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

የማይነኩ ሁለት ነገሮች

አንደኛው ብርብራ ነው። የተወቀጠው ፍሬ ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ዓሣው በውኃው ውስጥ ባለው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚያደርግ፣ ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይሞታል። መንጠቆ ይመርጣል፣ ብርብራ አይመርጥም።

ሁለተኛው የአልጋ አጎበር ነው። ዓይኑ እጅግ ጠባብ ነው፤ የተነከረበት መድኃኒትም ዓሣን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ግን ቆላ ላይ ወባ አለ። አጎበሩ ወንዝ ከወረደ ሕፃኑ ባዶ አልጋ ላይ ይተኛል።

ለራሳችሁ

ከዓሣ ዕቃው በፊት የማያንሸራትት ጫማና ሌሊቱን የምታሳልፉ ከሆነ የራሳችሁን አጎበር ያዙ። ሰማዩ በእናንተ ላይ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ጀማን በድንገት ሊሞላው ይችላል። ውኃው ከደፈረሰና ቅጠልና ግንድ ማምጣት ከጀመረ፣ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ። መንጠቆ ይገዛል፤ አባት አይገዛም።

ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ።