የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር አልነሳ ሲል፦ ከባትሪው በፊት የፍሬን ሴንሰሩ ይፈተሽ

በደማምና በኾባር በኤሌክትሪክ ብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለስ ሰው አንድ ቀን ይህ ችግር ሊገጥመው ይችላል፤ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ማሳያውም ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬ ቀድሞ የሚያርፈው በብስክሌቱ ውድ ክፍሎች፣ ማለትም በባትሪውና በሞተሩ ላይ ነው። ይሁንና የችግሩ ምንጭ በፍሬን እጀታው ላይ የሚገኝና ዋጋው ከእነዚህ ጋር የማይነጻጸር አነስተኛ ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለባትሪ ወይም ለሞተር ገንዘብ ከማውጣት በፊት የፍሬን ሴንሰሩን መፈተሽ ተገቢ ነው።

የሴንሰሩ ተግባር

አሽከርካሪው የፍሬን እጀታውን ሲስብ ሴንሰሩ ለብስክሌቱ መቆጣጠሪያ ምልክት ይልካል፤ መቆጣጠሪያውም ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ወዲያውኑ ያቋርጣል። ጎማውን የሚይዘው ፍሬን ግን በሲቦ ወይም በዘይት ግፊት ለብቻው ይሠራል።

ሴንሰሮቹ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሁለት ሽቦ ያለው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራና ሦስት ሽቦ ያለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 5 ቮልት ገደማ ኃይል ይቀበላል።

ብልሽቱም ሁለት መልክ አለው። በመጀመሪያው ሴንሰሩ እጀታው ሳይሳብ እንደተሳበ አድርጎ ምልክት ይልካል፤ ሞተሩም አይነሳም። በሁለተኛው እጀታው ቢሳብም ምልክት አይልክም፤ ፍሬኑ ጎማውን ለማቆም ሲታገል ሞተሩ ወደፊት መግፋቱን ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሥራ ያስፈታል። ሁለተኛው ግን አደጋ እስኪደርስ ድረስ ላይታወቅ ስለሚችል እጅግ የከፋ ነው። በአንዳንድ ብስክሌቶች ፔዳል መምታት ከቆመ በኋላም ሞተሩ ለአፍታ መግፋቱን ስለሚቀጥል፣ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ይህች አፍታ ብዙ ትርጉም አላት።

የባሕር ዳርቻው አየር ተጽእኖ

ሁለቱ ከተሞች በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ስለሚገኙ አየራቸው እርጥበትና ጨው ያዘለ ነው። ይህ አየር የሽቦ መጋጠሚያዎችን የመዳብ ጫፎች አረንጓዴ ያደርጋል፣ ያዝጋል። አቧራ ከአሮጌ ቅባት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የፍሬን እጀታው ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ እንዳይመለስ ያደርጋል። ብስክሌቱ በጎኑ ሲወድቅ እጀታው ሊጣመም ወይም ማግኔቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። መሪው በዞረ ቁጥር የሚተጣጠፈው ሽቦም ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

1. እጀታዎቹን መመልከት። ሁለቱም እጀታዎች እየተሳቡ ይለቀቃሉ። ያልተመለሰ ካለ በጣት ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ ሞተሩ ከተነሳ ችግሩ ከእጀታው፣ ከስፕሪንጉ ወይም ከሲቦው ነው። እጀታው ሳይነካ የኋላው የፍሬን መብራት በርቶ መቆየቱም ጠቋሚ ምልክት ነው።

2. አንድ በአንድ መንቀል። ሞተር ያለው ጎማ ከመሬት ይነሳል፣ ብስክሌቱም ይጠፋል። ከዚያ የአንዱ እጀታ ሴንሰር መጋጠሚያ ይነቀላል። ብስክሌቱ በርቶ ጋዝ በቀስታ ሲሰጥ ጎማው ከዞረ ብልሽቱ በተነቀለው በኩል ነው። ካልዞረ ያ ተመልሶ ይሰካና ሌላው ይሞከራል። በሁለቱም ለውጥ ከሌለ ወደ ጋዝ መስጫው፣ ወደ ፔዳል ሴንሰሩና ወደ መቆጣጠሪያው መሄድ ይገባል። አንዳንድ ሴንሰሮች ግን በተቃራኒው ስለሚሠሩ መነቀላቸው ራሱ ሞተሩን ያቆማል፤ ስለሆነም የብስክሌቱን መመሪያ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

3. በቴስተር መለካት። ባለ ሁለት ሽቦው ሴንሰር ተነቅሎ ሲለካ፣ በተለመደው ዓይነት ቴስተሩ የሚጮኸው እጀታው ሲሳብ ብቻ ነው። እጀታው ሳይነካ ከጮኸ ሴንሰሩ ተጣብቋል፤ ተስቦም ካልጮኸ ሞቷል። ባለ ሦስት ሽቦው የሚለካው እንደተሰካና ብስክሌቱ እንደበራ ነው። የምልክት ሽቦው ቮልት እጀታው ሲሳብና ሲለቀቅ መለወጥ አለበት። የሽቦ ቀለም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የቴስተሩ ጫፎች ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

4. ማጽዳት ወይም መቀየር። የዛገ መጋጠሚያ ለኤሌክትሪክ መጋጠሚያ በተዘጋጀ ማጽጃ ይጸዳል፤ ሳይሰካ በፊትም በደንብ ይደርቃል። በብዙ መጋጠሚያዎች ላይ ያሉት ቀስቶች ትይዩ ሆነው መግጠም አለባቸው። አዲስ ሴንሰር ሲገዛ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይመረጣል፤ የሽቦው ብዛት፣ የመጋጠሚያው ቅርጽና የአሠራሩ ዓይነት አንድ መሆን አለባቸው።

ፍተሻው በጥላ ሥር ቢደረግ ይመረጣል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከእኩለ ቀን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ መሥራት በሳዑዲ ዐረቢያ የተከለከለውም የሙቀቱን ክብደት ያሳያል።

ነቅሎ መተው መፍትሔ አይደለም

ሴንሰሩ ሲነቀል ሞተሩ ስለሚነሳ፣ ጥገናው እንዳለቀ ቆጥሮ በዚያው መንዳት ያጓጓል። ይህ ግን ቀላሉን ብልሽት ወደ አደገኛው መለወጥ ነው። መንቀል መፈተሻ እንጂ ጥገና አይደለም።

ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት የዐረብኛ ቃላት ቢይዝ ይጠቅመዋል። የፍሬን ሴንሰር «ሐሳስ አል-ፈራሚል» ይባላል። «አል-ሞቶር ማ የሽተጊል» ሞተሩ አይሠራም ማለት ሲሆን፣ «ላ ተፍሲል አል-ሐሳስ» ደግሞ ሴንሰሩን አትንቀለው ማለት ነው።

ብስክሌቱን ከመረከብ በፊት የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሞተሩ እየዞረ የቀኝ እጀታው በጥቂቱ ይሳባል፤ ቀጥሎም የግራው። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩ ወዲያውኑ ኃይል ማቋረጥ አለበት። በአንዱ እንኳ ካላቋረጠ ብስክሌቱ ለመንገድ ዝግጁ አይደለም።