ያውቁ ኖሯል? ሥዕል ማየትና መሣል ለአንጎል አንድ አይደሉም

በጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ 28 ጡረተኞች ለ10 ሳምንታት ወደ አንድ ሙዚየም ተመላለሱ። ግማሾቹ ከሠዓሊ እየተማሩ በቡድን ሆነው በገዛ እጃቸው ሥዕል ሠሩ። የቀሩት የሙዚየሙን ሥዕሎች እየተመለከቱ ከባለሙያ ጋር ተወያዩ። ተመራማሪዎች ከትምህርቱ በፊትና በኋላ የሁሉንም አንጎል በኤምአርአይ አነሡ።

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ያስደንቃል። ሰው ከሥራ ዐርፎ በሐሳብ ሲዋጥ የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ጠንክሮ የተገኘው በሣሉት ላይ ነው። ጭንቀትን የመቋቋም አቅማቸውም ጨምሯል። ተመልካቾቹ ግን ይህን ያህል ለውጥ አላሳዩም። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ጥናቱን የመጨረሻ ቃል ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ዕድሜ የገፋ አንጎል መማርና መለወጥ እንደሚችል ይጠቁማል።

በገዛ ራስ መሥራት የሚጠቅመው በሥዕል ብቻ አይመስልም፤ በአሜሪካ ደግሞ በመዝሙር ላይ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጂን ኮኸን በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ጥናት አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ዕድሜያቸው በአማካይ 80 ገደማ የሆነ አረጋውያን በመዘምራን ቡድን ተሰባስበው ዘመሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በቡድኑ ካልተሳተፉ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሐኪም ዘንድ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነበር፤ የሚወስዱት መድኃኒትና የወደቁበት ጊዜም አነስተኛ ነበር፤ ብቸኝነትም ቀሎላቸዋል። ልብ ይበሉ፦ መዝሙሩ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም። በሙያው በሠለጠነ መሪ ሥር በየሳምንቱ ተለማምደው፣ በሕዝብ ፊት ቆመው ዘምረዋል።