ከግሸን መንገድ እስከ ክብ ማኅተም

እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎን ረሃብ ይዞት ነበር። በእጃቸው የነበረው የስንቅ ዳቦና ጠበል ነው። መንገድ ዳር የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ያላቸውን አካፍለው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመቱ ሲያልቅ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ባላቸውና ዘመድ አዝማዱ አእምሯቸውን ተጠራጠሩ። እሳቸው ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው።

ልጆቹን ለማሳደግ ያቋቋሙት ድርጅት በሕግ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ልግስናው ነበር፤ ልጆቹ ግን የተንጠለጠሉት በአንዲት ሴት ጤናና ጉልበት ላይ ነበር። ከመተዳደሪያ ደንብ፣ ከቃለ ጉባኤና ከክብ ማኅተም በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሰጪው ሲደክም ማን ይረከባል?

ሕጋችን ለጥያቄው መልስ ካሰናዳ ቆይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 483 አንድ ሰው ንብረቱን ለሕዝብ ጥቅም በማይመለስ ሁኔታ፣ ለዘለቄታው መመደብ እንደሚችል ደነገገ። በዘመኑ አነጋገር ኢንዶውመንት የምንለው ነው። በስጦታም ሆነ በኑዛዜ ይቋቋማል። ክብደቱ ያለው «በማይመለስ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ቤቱን ለሙት ልጆች የመደበ ሰው ነገ ኑሮ ሲወደድ «መልሱልኝ» ማለት አይችልም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ጠበበ፤ ኋላም ሰፋ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ልጁን ማጉረስ ይፈቀድ ነበር፤ ለልጁ መብት መሟገት ግን አይፈቀድም ነበር። የአስተዳደር ወጪም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ታዘዘ፤ ለአሠልጣኝ የሚከፈለውና የተሽከርካሪው ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር ስም እየተቆጠረ ብዙዎችን አስጨነቀ።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካው የውጭ ገንዘቡ ገደብ ተነሣ። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘው ወጪ ከዚያ ወጣ። ድርጅቶች ነግደው እንዲያተርፉም ተፈቀደ፤ ትርፉ ለዓላማው ይውላል እንጂ መሥራቾቹ አይከፋፈሉትም።

ዛሬ «ፋውንዴሽን ላቋቁም» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስሙን ነው፤ የአባቱን ወይስ የራሱን? ከስም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ምን ይዞ ይነሣል? በየዓመቱ በልመና የሚሰበሰብ መዋጮ የክረምት ጎርፍ ነው፤ ሲመጣ ያጥለቀልቃል፣ በበጋ አይገኝም። የሚከራይ ቤት ወይም አክሲዮን መድቦ፣ ዋናውን ሳይነኩ ፍሬውን መስጠት ግን እንደ ምንጭ ነው። የሚከብደውም ይኸኛው ነው፤ ሰው ገንዘቡን ከመስጠት ይልቅ ማዘዙን መተው ይቸግረዋል። ሚስቱን ሒሳብ ያዥ፣ ወንድሙን ሥራ አስኪያጅ፣ ራሱን የዕድሜ ልክ ሰብሳቢ ያደረገ ሰው ምን ሰጠ?

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የዕድር ድንኳን የማን ነው? ብረቱን የገዛ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ለልጁ ሠርግ ሲፈልገው እንደማንኛውም አባል ጸሐፊውን ጠይቆ፣ መዝገብ ላይ ፈርሞ ይወስዳል፤ በቀኑም ይመልሳል። ካልመለሰ ይቀጣል። ድስቱም እንዲሁ ነው። ዕድር የመሥራቾቹን ሞት የሚሻገረው በዚህ ነው።

ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፉ። በማግስቱ ልጆቹ ቁርሳቸውን መብላት ነበረባቸው። እንጀራ ጋጋሪዋ ሴት ያን ማኅተም ያለበትን ወረቀት የያዙት ለዚያ ማለዳ ነበር።