የጥንዚዛዋን ልጅ አትጨፍልቁ

ክሽክሽን ለቃሪያ ገበሬ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቡታጅራ ዙሪያና ማረቆ ቃሪያውን፣ ወልቂጤ አካባቢ ከክትፎው ጋር የሚቀርበውን ጎመን ቅጠል ከሥሩ ገልብጣችሁ ስታዩ ተደርድሮ ይገኛል። ጭማቂ ይመጥጣል፣ ቅጠል ያጨማድዳል፣ የቃሪያ ቫይረስም ከተክል ወደ ተክል ያጋባል። ይህን ተባይ የምትበላው ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ናት። እሷንም ሁሉም ያውቃታል።

የማትታወቀው ልጇ (ዕጯ) ናት፤ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ልጅየዋ እናቷን በምንም አትመስልም። ክብ አይደለችም፣ ክንፍ የላትም። ረዘም ያለች፣ ጥቁር ወይም አመድማ፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያለባት፣ በስድስት እግር የምትሮጥ ትንሽ አዞ ናት ማለት ይቻላል። ክሽክሹ መሃል ስትገኝ ጥፋተኛዋ እሷ ትመስላለች። ስለዚህ እናትየዋን «እንዴት ታምራለች» ብሎ የሚያልፍ እጅ ልጅየዋን ይጨፈልቃል።

ቡታጅራ አጠገብ አንዲት እናት ቃሪያቸውን ሲለቅሙ እንዲህ ሲያደርጉ አየሁና «እማማ፣ እቺን ይተዉልኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቅጠሌን የምትጨርሰው እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉ። ጎንበስ ብለን አብረን ተመለከትን። አንዷ ዕጭ ክሽክሽ ያዘች፣ መጠጠችና ባዶ ቆዳውን ጥላ ወደ ሌላው ሄደች። እማማ ወዲያው ምራታቸውን ጠርተው «ነይ እዪ፣ እቺን እንዳትነኪ» አሉ።

አመጣጧ እንዲህ ነው። እናትየዋ ክሽክሽ ባለበት ቅጠል ሥር ቢጫ እንቁላሎቿን አቁማ ትደረድራለች። የተፈለፈለችው ዕጭ ሦስት ጊዜ ቆዳ ትቀይራለች፤ እስክታድግ ድረስም ክሽክሽ በመቶ ቤት ትበላለች። ከዚያ በጅራቷ ቅጠል ላይ ተጣብቃ አትንቀሳቀስም። ይህንንም በሽታ መስሎት የሚለቅም አለ፤ እባካችሁ ተዉት፣ ጥቂት ቀን ጠብቁ፣ ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። ሙቀት ካለ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይበቃታል።

በፕላስቲክ ቤት (ግሪን ሀውስ) ይህ እውቀት ይበልጥ ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ ክሽክሽን ዝናብ ያራግፈዋል፣ ጥንዚዛም በራሷ በርራ ትመጣለታለች። በፕላስቲክና በመረብ የተዘጋ ቤት ግን ተባዩን ከዝናቡም ከጠላቱም ይሸሽገዋል። የክሽክሽ እናት ያለ ወንድ ሕያው ልጅ ትወልዳለች፤ ልጇም በሙቀት ሳምንት ገደማ ሲሞላት ትወልዳለች። ቤቱ ከተወረረ በኋላ ጥንዚዛ ማስገባት ስለዚህ የዘገየ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክሽክሾች ሲታዩ ኬሚካል ካልተረጨበት ጎመን ላይ ቅጠሉን ከነዕጩ ቆርጣችሁ ቃሪያው ላይ አስቀምጡ። ዕጭ ከእናቷ የምትሻለው ስለማትበር ነው። እናቲቱን የምታስገቡ ከሆነ መስኮቱን በመረብ ሸፍኑና ሲመሽ ልቀቋት። ትናንት ከረጫችሁ ግን አትድከሙ፤ ብዙዎቹ ኬሚካሎች ቅጠል ላይ ቆይተው ለእሷም ይተርፋሉ። አንዳንድ ሰው ጠዋት ጥንዚዛ ለቅቆ ማታ መርጫውን ጀርባው ላይ ያዝላል፤ ይህ ትዕግሥት ማጣት ብቻ ሳይሆን ጉልበትንም መጣል ነው።

ተባይን በጠላቱ መከላከል አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 መጨረሻ ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ መላክ የጀመረች አንዲት የጥንዚዛ ዘር የብርቱካን እርሻውን ከሌላ መጣጭ ተባይ ታድጋለች። በአገራችን የጽጌረዳ እርሻዎችም ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ደቃቅ አዳኝ ይለቀቃል።

ሁሉም ነጠብጣም ጥንዚዛ ግን ወዳጅ አይደለችም። የጤፍና የስንዴ ቅጠል የምትግጥ ዘመድ አለች፤ ጀርባዋ አያብረቀርቅም፣ ደቃቅ ፀጉር ለብሷል፣ ዕጯም እሾሃም ናት። የእኛዋ ጀርባ ያብረቀርቃል።

ጉንዳንንም አትርሱ። ክሽክሽ የሚያፈሰውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ጥንዚዛዋንና ልጇን ያባርራል። ችግኙ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ አቁሙ።